የኮርማው አወዳደቅ

ቄራው ውስጥ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም ኮርማው ነበር የሚለው። አንገቱ ከትከሻው የተጣበቀ፣ ደረቱ በር የሚያክል፣ ሲስቅ መንጠቆ ላይ የተሰቀለው ሥጋ አብሮት የሚወዛወዝ የሚመስል ሰው ነበር። ሌሎቹ ለሦስት ለአራት ሆነው በገመድ ታግለው የሚጥሉትን በሬ እሱ ቀንዱን ጨብጦ፣ አንገቱን ጠምዝዞ፣ ብቻውን ያንበረክከዋል። ከዚያ ቢላው አንዴ ብልጭ ይላል። ደሙ እየተንፎለፎለ በሲሚንቶው ቦይ ይወርዳል፣ የበሬው እግሮች አየር ይራገጣሉ፣ እሱ ደግሞ ቢላውን ሞረድ ላይ እያፋጨ ወደ በሩ ዞሮ፣ "ቀጣይ! ና የኔ ጌታ፣ ወረፋ አታበላሽ!" ይላል። ሰዎቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ቀልዱን በየቀኑ ይደግመዋል፤ እነሱም በየቀኑ ይስቁለታል።

የሚስቱ ታናሽ ወንድምም እዚያው ነበር የሚሠራው። ከብቶቹን ከበረት እያወጣ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ማረጃው ክፍል ይነዳል። ከሲታ ነው፤ ግን ቢጎትቱት የማይበጠስ ዓይነት ሰው ስለሆነ ጅማት ይሉታል። ሥራውን ያስገባው ኮርማው ነበር፤ ጅማትም ውለታውን አይረሳም፤ ጋሼ ብሎ ሳይጠራው አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም።

አንድ ቀን ጠዋት የመጣው ጥቁር ወይፈን ደም ሸቶት መተላለፊያው አፍ ላይ አራት እግሩን ተክሎ አልንቀሳቀስ አለ። ጅማት ገፋው፣ ጮኸበት፣ ጭራውን ጠመዘዘው። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና በብረት ዘንግ አፍንጫው ላይ አቀመሰው።

"ፊቱን አትምታው!" ብሎ ኮርማው ከውስጥ ጮኸ። "አንተ ልጅ፣ ፊቱን አትምታው አልኩህ እኮ!"

ጅማት ግን እልህ ይዞት ደገመው። ወይፈኑ እንደ ጥይት ተፈናጠረ። የበሩን ማገጃ ብረት በደረቱ ገንጥሎ ሲገባ ጅማት ወደ ኋላው ሸሸ፤ ደም ባራሰው ወለል ላይ ቦቲው አዳለጠውና በጀርባው ተዘረጋ። ወይፈኑ ቀንዱን ዝቅ አድርጎ መጣበት። ያኔ ኮርማው ቢላውን ጥሎ መሀል ገባ። ሁለቱን ቀንዶች ያዘ፣ አንገቱን ጠመዘዘ፤ ለአፍታ ሁለቱም እንደ ሐውልት ቆሙ። ከዚያ የኮርማውም እግር ከዳው። ወይፈኑ ከመሬት አንስቶ የሥጋ መስቀያውን ሀዲድ የተሸከመው የብረት ምሰሶ ላይ በጭንቅላቱ ወረወረው። ድምፁ ቅል ሲፈርጥ ነው የሚመስለው። ሳይወድቅ ደግሞ መታው፤ አሁንም በጭንቅላቱ።

የቀሩት ሰዎች ዓይናቸው ደም ለብሶ ወይፈኑን እንደ ቆመ ወረዱበት። በመጥረቢያ፣ በቢላ፣ በእጃቸው በገባው ሁሉ። የእንስሳው ደምና የሰውየው ደም በአንድ ቦይ ተያይዞ ሲወርድ ጅማት መሬት ላይ ተንበርክኮ የኮርማውን ጭንቅላት በሽርጡ አቅፎ፣ "ጋሼ! ጋሼ ኧረ በናትህ!" እያለ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

ሐኪም ቤት ሲደርስ የራስ ቅሉ ሥር መሰንጠቁን ነገሯቸው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኗን ሸፍና፣ ትንሿን ልጃቸውን ለእናቷ ሰጥታ፣ ከአልጋው ሥር አልጠፋ አለች። ነፍስና ሥጋው ሲሟገቱ ሰነበቱ። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠና ውሃ አለ። ሰጡት። ደግሞ ውሃ አለ። በጀሪካን ቢያመጡለት አይረካም፤ የጠጣውን ሁሉ ወዲያው ይሸናዋል። ሐኪሞቹ መድኃኒት ሰጡትና ጥሙ ከቀናት በኋላ ለቀቀው። ቁስሉ ሲደርቅ፣ መራመድና መናገር ሲችል፣ አሰናበቱት። ቄራው በሙሉ "ከሞት ተረፈ" ብሎ ተደሰተ። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ጭንቅላቱ አልጠየቀውም፤ እሱም አልጠየቀም።

ወደ ሥራ ሲመለስ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ነበር። መጀመሪያ ድካም መስሎት ነበር። ጠዋት ከአልጋው ለመነሳት ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልምና ግድግዳ ይይዛል። በጠራራ ፀሐይ ይበርደዋል። ምግብ ያስጠላዋል። በየማለዳው ካልተላጨ የሚቆረቁረው ጢሙ አልበቅል አለ፤ የክንዱ ሥጋ ረግቦ ቆዳው እንደ አሮጌ ከረጢት ተንጠለጠለ። ከሚስቱ ጎን ሲተኛ ደግሞ እንደ ግንድ ነው። መፈለጉ ራሱ ከውስጡ ተነቅሎ የወጣ ይመስል፣ እጇ ሲነካው የሚሰማው ሐፍረት ብቻ ነበር።

ማረጃው ክፍል ውስጥ አንድ ቀን የያዘው በሬ አምልጦ ሰው ሊገድል ምንም አልቀረው። ካቦው ጠርቶ፣ "ለጊዜው አንጀት ማጠቢያ ሂድ፣ ሰውነትህ እስኪመለስ" አለው። ኮርማው ቢላውን አስረክቦ ባልዲና ቱቦ ተረከበ። አንጀት አጣቢዎቹ መሀል አንድ አፉ የማያርፍ ጥርሰ ገጣጣ ሰው ነበር። ኮርማው ባልዲውን በሁለት እጁ ታቅፎ እያለከለከ ሲመጣ ያየውና ለሁሉም እንዲሰማ ጮኸ።

"መንገድ ልቀቁ! ሰንጋው መጣ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰንጋ ሲኮላሽ ምን እንደሚወሰድበት ቄራ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ኮርማው ባልዲውን አስቀመጠ። ሄዶ የሰውየውን አንገትጌ ጨመደደና ባለ በሌለ ኃይሉ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። ድሮ ቢሆን ያ ቡጢ ጥርስ አራግፎ መንጋጋ ይሰብር ነበር። አሁን ግን ሰውየው ጉንጩን አሻሽቶ፣ "ዝንብ ነው?" አለ። ከዚያ ባልዲውን አንስቶ በአናቱ ላይ ደፋበትና በባዶው ባልዲ ጎድኑን መታው። ኮርማው በፈርስና በእዳሪ ውሃ ውስጥ ተንከባለለ። ሰውየው በቦቲው ሆዱን፣ ጀርባውን፣ ትከሻውን እየረገጠ፣ "ተነሳ ሰንጋው! ተነሳ እንጂ!" ይላል። ሊነሳ ሞከረ፤ ክንዶቹ እንደ እርጥብ ገመድ ታጠፉ። የገላገለው ጅማት ነው። ሲያነሳው ፊቱን አላየውም። ያ ከርግጫው ሁሉ በላይ አንጀቱን ቆረጠው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቄራ አልሄደም። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ሚስቱ በዚያችው ክፍል ማሽኗን እያንጣጣች የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ልጅቷ ከማሽኑ ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ትጫወታለች። ሴትየዋ መጀመሪያ አዘነችለት፣ ቀጥሎ ታገሠችው፣ በመጨረሻ ግን ሆዷ ሻከረ። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? ወይስ ንቆኝ ነው? ብላ ታስባለች። ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም፤ ውስጧ ሲብላላ ከረመ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክሩ ተበጠሰባት፤ መርፌው ተሰበረባት፤ እሱ ደግሞ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ውሃ አቀብዪኝ አላት። ብድግ ብላ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

"እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ፍራሽ? ንገረኛ! ጉልበትህን የት ነው ጨርሰህ የምትመጣው?"

"ተይኝ" አላት።

"አልተውህም! እህል አትበላ፣ ሥራ አትሄድ፣ እኔን እንደ ሴት አታይ! ምን አድርጌህ ነው?"

መልሱን እሱም ይፈልገው ነበር። የቄራው ሳቅ ጆሮው ውስጥ እንደገና ተነሳ፤ ሰንጋው የሚለው ድምፅ ከእሷ አፍ የወጣ መሰለው። ተነስቶ በጥፊ መታት። በአንጀት አጣቢው ላይ ያልሠራ እጅ እሷ ላይ ሠራ፤ ሚዛኗን ስታ የማሽኑ ብረት ጠርዝ ቅንድቧን ሰነጠቀው። የሰፋችው ነጭ ሸሚዝ ላይ ደሟ ተንጠባጠበ። ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ጨርቆቿን ጨብጣ፣ አፏን ከፍታ፣ አባቷን ብቻ ታይ ነበር።

እሱም እጁን ያይ ነበር። "አላወቅሁም... አላወቅሁም እኮ" አለ። ሚስቱ ቅንድቧን በጨርቅ ይዛ፣ ልጇን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ አውጥታ፣ በሩን እንደተከፈተ ትታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ትኩሳት ለቀቀበት። ያስመልሰው ጀመር። ውሃ ቢጠጣ ይመለሳል፤ እግሩ አልታዘዝ አለው። የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሰው ቢኖርም ለመጥራት ፊት የለውም። እንዲህ ተጋድሞ ሳለ ነው ጅማት በሩን በእግሩ በርግዶ የገባው።

"እህቴ ላይ እጅህን ታነሳለህ? አንተ?"

ጋሼ አላለውም። እግሩን ይዞ ከአልጋው እየጎተተ ደጃፉ ላይ ጣለው። በቡጢ አፉን መታው፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። በጉልበቱ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ግራ ቀኝ አጣደፈው። ጎረቤት ወጥቶ ያያል እንጂ የሚጠጋ የለም። "ምታ! በል እንደ እሷ እኔንም ምታኝ!" ይላል ጅማት፤ እየመታም ያለቅሳል። ለዚህ ሰው ሲል ቢሞት የማይቆጨው ሰው ነበርና በሚመታው ቁጥር የራሱም ነገር የሚሰበር ይመስል ነበር። ኮርማው እጁን አላነሳም። ደጋግሞ የሚመጣው ቡጢ ከሩቅ፣ ከሌላ ሰው ቤት የሚሰማ ድብደባ መሰለው። ይገባኛል ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ማሰቡም ቀረ።

ጅማት ሲደክመው ተነስቶ፣ "ተነስ! አታስመስል!" አለው። ሰውየው አልተነሳም። ቢጫ ነገር አስመለሰ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ። ጅማት ፊቱን ሲነካው በረዶ ነው፤ ላቡ ግን ይወርዳል። የልብ ምቱን ቢፈልገው ጣቱ ሥር ጭል ጭል እያለ ይጠፋል። ያን ጊዜ ምድር ዞረበት።

"ገደልኩት! ኧረ ገደልኩት!"

ኮርማውን በትከሻው ተሸክሞ ወደ መንገዱ ሮጠ። ድሮ ከሦስት ሰው በታች የማይነሳው ሰውዬ እንዴት እንደቀለለው በኋላ ነው ያስገረመው። አትክልት የጫነች መኪና ፊት ቆሞ አስቆማት፤ ጎመኑ መሀል አጋድሞት ሐኪም ቤት ገባ። በር ላይ ለቆመው ፖሊስ ማንም ሳይጠይቀው፣ "እኔ ነኝ የደበደብኩት፣ ያዘኝ" አለው። ፖሊሱም ያዘው፤ ግን ሁኔታውን እንዲያስረዳ ከታማሚው አልጋ አጠገብ አቆመው።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ቁስሉን ሁሉ አየች፤ ሆዱን ዳሰሰች፤ የተሰበረ ወይም ውስጥ የሚደማ ነገር አላገኘችም። የደም ግፊቱ ግን መሬት ነክቷል፤ በሁለት ክንዱ ግሉኮስ ቢንቆረቆርለትም አልነሳ አለ። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳርም ጨውም ወርዷል።

"ይህ የቡጢ ሥራ ብቻ አይደለም" አለች።

ያኔ ጎረቤት የነገራት ሚስቱ ቅንድቧ በፕላስተር ተለጥፎ እያለከለከች ገባች። ወንድሟን አየችው፣ ባሏን አየችው፤ ለማን እንደምትጮህ ጠፋባት።

"ጢሙ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለቻት ሐኪሟ፣ የሰውየውን ልስልስ አገጭ በጣቷ እየነካች።

"ጢሙ? ኧረ በየጠዋቱ ነበር የሚላጨው። አሁን ምላጩ ራሱ ዝጓል።"

"ከመቼ ጀምሮ? ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል?"

ሴትየዋ ሁሉንም ዘረገፈችው። ወይፈኑን፣ ምሰሶውን፣ በጀሪካን የጠጣውን ውሃ፣ ብርዱን፣ እንቅልፉን። ስለ አልጋቸው ልታወራ ስትደርስ ወንድሟን በዓይኗ ገረፈችው፤ ጅማት ወደ ግድግዳው ዞረ። "እንደ ወንድምና እህት ነው የምንተኛው፣ ዶክተር። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ነበር።"

ሐኪሟ ሰምታ ሳትጨርስ ነርሷን ጠራች። የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ብንጠብቅ እናጣዋለን ብላ ኮርቲዞን የሚባል መድኃኒት በደም ሥሩ አስገባችለት። ሦስቱ፣ ፖሊሱ አራተኛ ሆኖ፣ አልጋውን ከበው ቆሙ። ግፊቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተሳበ። የከንፈሩ ግርጣት ለቀቀ። ከሰዓት በኋላ ኮርማው ዓይኑን ከፈተና ዙሪያውን አይቶ፣ "ራበኝ" አለ። ይህን ቃል ከአፉ ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው! ሚስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

በሚቀጥሉት ቀናት ደሙ ተመረመረ፤ ጭንቅላቱም ፎቶ ተነሳ። ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አንጎልዎ ሥር በቀጭን ዘንግ የተንጠለጠለች ሽምብራ የምታህል ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። እሷ ናት ሌሎቹን ዕጢዎች የምታዝዘው። ጭንቅላትዎ ምሰሶው ላይ ሲላተም ተጎዳች። ትእዛዝ ስታቋርጥ ኩላሊት ላይ ያለው ዕጢ ኮርቲዞን መሥራት ተወ፤ ያለ እሱ ሰውነት ትኩሳትም ዱላም አይችልም። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ተኛ፤ ብርዱና እንቅልፉ ከዚያ ነው። የወንድነት ሆርሞኑም እንዲሁ።"

"ታዲያ ሰነፍ ሆኜ አይደለም?" አለ።

"አይደለም።"

"ሌላም ነገር አይደለም? የ... የወንድነት ማለቅ..."

"በመድኃኒት የሚተካ ነው። ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ እንጂ ይተካል። ያኔ የያዘዎት ጥም ይህች ዕጢ መጎዳቷን የሚያሳይ ምልክት ነበር። ቀጠሮ ተሰጥቶዎት መከታተል ነበረብን። እሱ የኛ ጥፋት ነው።"

ያ ሁሉ ሰው የሳቀበት፣ የተረገጠበት፣ በገዛ ራሱ ላይ የፈረደበት ጊዜ ተሰብስቦ መጣበት። አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ሰማሽ? በሽታ ነው እኮ። በሽታ ነው!"

"ሰማሁ" አለችው። ጣቷ ቅንድቧ ላይ ነበር። "የመታኝስ? ዕጢህ ነው?"

ኮርማው ወደ ሐኪሟ አየ፤ ታድነኝ ይሆናል ብሎ። ሐኪሟ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች፣ "በሽታው ጉልበት ይነሳል፣ ሆድ ያስብሳል፣ ያነጫንጫል። እጅ ግን አያነሳም" አለችና ተነስታ ሄደች።

ኮርማው ዓይኑን ቅንድቧ ላይ አሳርፎ፣ "እኔ ነኝ የመታሁሽ" አላት። እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለችም።

ፖሊሱ ክስ ትመሠርታለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ኮርማው፣ "እሱ የሚጠየቅ ከሆነ እኔንም በሚስቴ ጠይቁኝ" አለው። ሚስቱ ተጠየቀች፤ እሷም ሁለቱንም ለጊዜው ከፊቴ አርቁልኝ እንጂ ክስ አልፈልግም አለች። ጅማት ሲለቀቅ መጥቶ አልጋው እግር ሥር ቆመ፤ "ጋሼ..." ብሎ ቀረ። "ቁጭ በል" አለው ኮርማው፤ "ወንበሩ አይነክስህም።"

መድኃኒቱ የተጀመረው በተራ ነው፤ መጀመሪያ ኮርቲዞኑ፣ ከዚያ የታይሮይዱ፣ ቆይቶ የወንድነት ሆርሞኑ መርፌ። ትኩሳት ካለው ክኒኑን እጥፍ አድርጎ እንዲወስድ፣ ካስመለሰው ደግሞ ጭኑ ላይ መርፌ እንዲወጋ ተማረ። ወራት አለፉ። ክንዱ መሙላት ጀመረ፤ ጢሙ ብቅ አለ። ቄራ ተመልሶ ገባ፤ ቢላውም ተመለሰለት። በመጀመሪያው ሳምንት ያ አንጀት አጣቢ የድሮውን ቀልድ ሞከረው፤ ኮርማው በአንድ እጁ አንገትጌውን ይዞ ደም ቦዩ ላይ አንጠለጠለው። የሰውየው ቦቲዎች አየር ረገጡ፤ አዳራሹ እስትንፋሱን ዋጠ። ጡንቻው እንደ ድሮው ሲያብጥ ተሰማው፤ ደስታውም እንደ ድሮው በአጥንቱ ውስጥ ሮጠ። ያ ደስታ አስፈራው። ሰውየውን አስቀመጠውና ቢላውን ለካቦው አስረክቦ ከብት መዝኖ መረከቢያው ላይ ሥራ ጠየቀ።

ሚስቱ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኗን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብታ እዚያው ከልጇ ጋር መተኛት ጀመረች፤ የእሱን ፍራሽ ሳሎን አነጠፈችለት። "የምመጣው ራሴ ስፈልግ ነው" አለችው። እሺ አለ።

ልጅቷ ግን አትጠጋውም። ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ድስት ከወደቀበት፣ በሩ በነፋስ ከተላተመ፣ ማሽኑ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ስለዚህ ያ ሲስቅ ሥጋ የሚያወዛውዝ ሰውዬ ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ዝግ ብሎ መናገር ተማረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆዱን ታሞ አስመለሰውና ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጭኑን ወጋ። ቀና ሲል ልጅቷ ከደረጃው ወዲያኛው ጫፍ ቆማ ታየዋለች።

"ያማል?" አለችው።

"ትንሽ።"

አሰበችበት። "ብዙ ቢያምህ ጥሩ ነበር" አለችው።

"እውነትሽን ነው" አላት።

አልሸሸችም። ባለችበት ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሱም ወደ እሷ አልተጠጋም፤ መርፌውን ክዳኑ ውስጥ ከትቶ፣ የሁለቱም እግር በፀሐዩ ላይ ተዘርግቶ፣ እናቷ ከውስጥ ማሽኑን ስታንጣጣ እያደመጡ ቆዩ።